መጽሐፉ «አለ» ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ግን የለም

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለሦስት ሳምንት ፈልጌ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ስፈልገው «አለ» ይላል። ቁጥሩን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ መደርደሪያው ጋ እሄዳለሁ፤ የለም። መዋሻው ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ሴትዮ ስጠይቃቸው እሳቸውም ኮምፒውተራቸውን ያዩና «አለ እኮ ይላል ልጄ» ይሉኛል። እንደገና እሄዳለሁ፣ እንደገና የለም። ፈተናው ካለፈ በኋላ ጓደኛዬ በአጋጣሚ አገኘው። የእርሻ መጻሕፍት መሃል ነበር፣ ጀርባው ወደ ውስጥ ዞሮ። አንድ ተማሪ ለብቻው ሊያነበው ደብቆት ይሁን፣ ወይም አንብቦ ሲጨርስ ባገኘው ቦታ ሸጉጦት፣ አላውቅም።

መጽሐፉ አልጠፋም ነበር። ቤቱ ውስጥ ነው ያለው። ቤቱ ግን የት እንዳስቀመጠው አያውቅም።

አዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ስለ ዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት የሚወራው በዝቷል። «ስማርት ላይብረሪ» የሚባል ቃልም አብሮ ገባ። ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ በአእምሮው የሚመጣለት ትልቅ ስክሪን፣ ፈጣን ዋይፋይና የሚያምር ሕንፃ ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ዋናው ጉዳይ ያ የእርሻ መደርደሪያ ላይ የተሸጎጠው መጽሐፍ ነው። እስቲ ከመሠረቱ እንየው።

ለመሆኑ «የተሳሰረ ዕቃ» ምን ማለት ነው?

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር የሚናገረው ሄዶ ላየው ሰው ብቻ ነው። ሌሊት ክፍሉ ቢግል ማንም አያውቅም። አሁን ያንኑ ቴርሞሜትር ከኔትወርክ ጋር አገናኙት። ሙቀቱን በየሩብ ሰዓቱ ለክቶ ለኮምፒውተር ይልካል፣ ከተቀመጠለት ልክ ካለፈ ደግሞ የኃላፊው ስልክ ላይ መልእክት ይገባል። የተሳሰረ ዕቃ ማለት ይኸው ነው። የሚለካ ነገር አለ፣ የሚያስተላልፍ ኔትወርክ አለ፣ የደረሰውን ተቀብሎ አንድ ነገር የሚያደርግ ሶፍትዌር አለ። እንግሊዝኛው «ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ» ይለዋል፤ በአማርኛ «የቁሶች በይነመረብ» ተብሎ ተጽፎም ታገኙታላችሁ።

ስሙን ያወጣው ኬቨን አሽተን የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1999። ታሪኩ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የኔው የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ታሪክ ነው። አሽተን ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የሚባል ኩባንያ ውስጥ መዋቢያ በሚሸጥበት ክፍል ይሠራ ነበር። አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ሊፕስቲክ ሱቅ በሄደ ቁጥር የለም፤ መዝገቡ ግን ዕቃው ሞልቷል ይላል። መዝገብና መደርደሪያ አልተገናኙም። ዕቃው ውስጥ ትንሽ የሬዲዮ ቺፕ ቢገባ መደርደሪያው ራሱ ያለውንና የሌለውን ይናገር ነበር ብሎ አሰበ። ለአለቆቹ ሐሳቡን ሲያቀርብ ለገለጻው የሰጠው ርእስ ነው እንግዲህ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠራበት ስም የሆነው።

መጽሐፍ እንዴት «አቤት» ይላል?

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ቴክኖሎጂ አርኤፍአይዲ ይባላል። በቀላሉ፦ በሬዲዮ ሞገድ ዕቃን መለየት።

መጽሐፉ ላይ የሚለጠፈው «ታግ» ይባላል። ስስ ተለጣፊ ወረቀት ነው፣ መጠኑ የመታወቂያ ካርድ ያህላል፣ ከዚያም ያነሰ አለ። ብዙውን ጊዜ የኋላ ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው የሚለጠፈው። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ እጃችሁ ከገባ ታጉን በጣታችሁ ዳብሱት፤ ወይም ታጉ ያለበትን ወረቀት ወደ መስኮት አቅርቡና ብርሃን ላይ ያዙት። ጥግ ጥጉን ይዞ ደጋግሞ የተጠመጠመ ስስ የብረት መስመር ይታያል። አንቴናው ነው። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ከጤፍ ፍሬ ብዙ የማይተልቅ ጥቁር ነጥብ አለ። ያ ቺፑ ነው። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። ባትሪ የለም።

ታዲያ ያለ ባትሪ እንዴት ይናገራል? ኃይሉን የሚያገኘው ከሚጠይቀው መሣሪያ ነው። ማንበቢያው የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል፤ የተጠመጠመው አንቴና ከዚያ ሞገድ ላይ ጥቂት ጉልበት ይወስድና ቺፑን ይቀሰቅሰዋል፤ ቺፑም ቁጥሩን መልሶ ይናገርና ይተኛል። በማስጠጋት ብቻ የሚነበበው ንክኪ የሌለው ካርድም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ክፍል ውስጥ መምህሩ ስም ሲጠሩ አስቡት። ተማሪው ራሱ ተነስቶ አይጮኽም፤ ሲጠራ «አቤት» ይላል፣ ዝም ይላል። አንድ ችግር ብቻ አለ፦ መምህሩ «ማን ማን አለ?» ብለው ቢጠይቁና ሃምሳው ተማሪ አንድ ላይ «አቤት» ቢል ምንም አይሰማም። ማንበቢያው ይህንን የሚፈታበት ሥርዓት አለው። ታጎቹን በየተራ ያናግራቸዋል፤ የመለሰውን ዝም ያሰኝና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ይሄ ሁሉ በጣም ፈጣን ስለሆነ አሥር መጽሐፍ ደራርባችሁ ማንበቢያው ላይ ብታስቀምጡ አንድ ላይ የተነበቡ ነው የሚመስላችሁ።

የቤተ መጻሕፍት ታጎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በ13.56 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ርቀታቸው አጭር ነው፤ በእጅ በሚያዝ ማንበቢያ ጥቂት አሥር ሴንቲሜትር፣ በር ላይ በሚቆም ትልቅ አንቴና ደግሞ እስከ አንድ ሜትር ግድም። ከፍ ባለ ሞገድ የሚሠሩ፣ ብዙ ሜትር የሚደርሱም አሉ። ርቀት ሲጨምር ግን ጣጣውም ይጨምራል። መንገደኛ ይዞት የሚያልፈው መጽሐፍ ሁሉ ይነበባል፣ የሰው ሰውነትም ሞገዱን ይውጠዋል።

በሩ የሚጮኸው ነገርስ? ታጉ ላይ ከመለያ ቁጥሩ ሌላ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፤ «ወጥቷል» ወይም «አልወጣም» የምትል። መጽሐፉን በአግባቡ ስትዋሱ ሲስተሙ ምልክቷን ይቀይራታል። በሩ ያንን ያይና ዝም ይላል። ሳትዋሱ ከወጣችሁ ይጮኻል።

ባርኮድ እኮ አለ፤ ምን ጎደለው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ባርኮድ ርካሽ ነው፣ የታወቀ ነው። ለብዙ ቤተ መጻሕፍት ዛሬም ይበቃል። የሚለየው ነገር አንድ ነው፤ ባርኮድ መታየት አለበት። መታወቂያ እንደሚፈትሽ ዘበኛ እያንዳንዱን ፊት ለፊት ማየት ይፈልጋል። መጽሐፉ ከመደርደሪያ ይወጣል፣ ሽፋኑ ይገለጣል፣ ይነበባል፣ ይመለሳል።

ለአንድ መጽሐፍ ምንም አይደለም። ቆጠራ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ በስንት ዓመት አንዴ፣ በሩ ተዘግቶ ሠራተኛው በሙሉ አቧራ ለብሶ አንድ በአንድ ይቆጥራል። በታግ ከሆነ ሠራተኛዋ የእጅ ማንበቢያዋን በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እያሳለፈች ትሄዳለች። ምንም አታወጣም። ማንበቢያው በዚህ መደርደሪያ መኖር ያለበትን ዝርዝር ያውቃል፣ የሰማውን ደግሞ ከዚያ ጋር ያስተያያል። የጎደለ ካለ ይመዘግባል። የእርሻ መደርደሪያ ላይ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ «አቤት» ካለ ይጮኻል። ጀርባው ወደ ውስጥ ቢዞርም ግድ የለውም።

እኔ ለሦስት ሳምንት ያጣሁትን መጽሐፍ አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ያገኘው ነበር ማለት ነው።

ግን አትታለሉ፤ ሁሉንም አይሰማም። በጣም ስስ የሆኑ ጥራዞች ተጣብቀው ከቆሙ ታጎቻቸው እርስ በእርስ ይረባበሻሉ። የብረት መደርደሪያና የብረት ሽፋንም ያስቸግራሉ። ሻጭ መጥቶ መቶ ከመቶ ያነባል ካላችሁ፣ በራሳችሁ መደርደሪያና በራሳችሁ መጻሕፍት ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

በተግባር የት ታየ?

ቀዳሚዋ ሲንጋፖር ነች። ብሔራዊ የቤተ መጻሕፍት ቦርዷ እ.ኤ.አ. በ1998 ቡኪት ባቶክ በሚባለው ሰፈር ቤተ መጻሕፍት ሞከረው፣ በ2002 ሁሉንም ቅርንጫፎቿን በታግ አዳረሰች። የገፋፋቸው ነገር ቅንጦት አልነበረም፣ ሰልፍ ነው። ሰው ለመዋስም ለመመለስም ይሰለፋል፣ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ማኅተም ሲመታ ይውላል። ታጉ ከገባ በኋላ ሰው ራሱ ማሽኑ ላይ ይዋሳል። ለመመለስ ደግሞ መጽሐፉን ግድግዳ ላይ ባለው ቀዳዳ መክተት ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ማንበቢያ ቁጥሩን ይሰማና መጽሐፉን ከተዋሹ ስም ላይ ያነሳለታል። ሌሊት በስድስት ሰዓትም ቢሆን። በኋላ ደግሞ ኤ-ስታር የሚባለው የአገሪቱ የምርምር ተቋም ቤቱ ከተዘጋ በኋላ በመደርደሪያዎቹ መሃል ብቻውን እየዞረ የሚያነብ ሮቦት ሠራ። ሠራተኞቹ ጠዋት ሲገቡ ያለ ቦታቸው የተቀመጡት መጻሕፍት ዝርዝር ይጠብቃቸዋል።

ዴንማርክ በሌላ በኩል ሄደች። እዚያ ብዙ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በሌለበት ሰዓትም ክፍት ናቸው። አንባቢው የጤና መድን ካርዱን በሩ ላይ ያስነብባል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ይጫናል፣ በሩ ይከፈታል። መብራቱ ይበራል፣ የመዋሻ ማሽኑ ይነሳል፣ ካሜራው ይሠራል። መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ድምፅ ማጉያው ያስጠነቅቃል። እዚህ ላይ የተሳሰረው ዕቃ መጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ በሩም መብራቱም በአንድ ሲስተም ይታዘዛሉ። ከሥራ መልስ ማታ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሠራተኛው አልተባረረም፤ በሌላው ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አለ።

ሳላነሳው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ኦርሁስ በምትባለው የዴንማርክ ከተማ ዶክዋን የተባለ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግዙፍ ደወል ተሰቅሏል። የከተማዋ ሆስፒታል ውስጥ ልጅ የተወለደላቸው ወላጆች አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ደወሉ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይደወላል። አንባቢው ሁሉ ቀና ይላል። ለአስተዳደር ምንም ጥቅም የለውም፤ እኔ ግን ስለዚህ ቴክኖሎጂ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ከመጽሐፉ ሌላ ምን ይለካል?

አንደኛው ወንበር ነው። የፈተና ሰሞን ነገር ታውቁታላችሁ። ከአንደኛ ፎቅ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ወርዶ ቦታ ማጣት፤ ግማሹ ወንበር ላይ ደግሞ ሰው የለም፣ አንድ ደብተርና አንድ ኮዳ ነው የተቀመጠው። ባለቤቱ ምሳ ሄዷል። ከጠረጴዛው ሥር የሚለጠፍ ትንሽ ሴንሰር የሰውነት ሙቀት እንቅስቃሴን ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ደብተር አያታልለውም። መግቢያው ላይ ያለ ስክሪን «ሦስተኛ ፎቅ 14 ክፍት ቦታ» ይላል። ካሜራ አያስፈልገውም፤ ማን እንደተቀመጠም አያውቅም።

ሁለተኛው አየር ነው። ከቤት ውጭ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 420 እጅ ግድም ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ሁለት መቶ ሰው በሚያነብበት አዳራሽ ውስጥ ከ1,000 ያልፋል። ያኔ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላችሁ ስለሰነፋችሁ ብቻ አይደለም። ትንሽ መለኪያ ይህን አይቶ ማራገቢያውን ማስነሳት ወይም ሠራተኛውን «መስኮት ክፈቱ» ማለት ይችላል።

ሦስተኛው፣ ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ እርጥበት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ብራና ቆዳ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይጠጣል ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ይህ በተመላለሰ ቁጥር ቀለሙ ከቆዳው ላይ እየተላቀቀ ይረግፋል። ወረቀትም ቢሆን ፈተናው ያው ነው። የክፍሉ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲሰነብት ሻጋታ ይነሳል። የረጠበ መጽሐፍ ደግሞ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ መሻገት ሊጀምር ይችላል። አባቶች ይህን ሳይለኩት አውቀውታል። መጽሐፉን በቆዳ ማኅደር ከትተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፤ ከእርጥቡ ወለል ይርቃል፣ ከአይጥ ይድናል፣ ማኅደሩም የአየሩን መለዋወጥ ያለዝብለታል። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ግን ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ክረምት ሲገባ ጥግ ጥጉ ይረጥባል። ማንም በየቀኑ ገብቶ አያየውም።

የእርጥበትና የሙቀት መለኪያ የክብሪት ቀፎ ብታክል ነው። በባትሪ ብዙ ወር ትቆያለች። በየሩብ ሰዓቱ ትመዘግባለች፣ ኔትወርክ ካለ ትልካለች፣ ከሌለ ታስቀምጣለች። ሐምሌ ላይ የትኛው ጥግ እንደረጠበ፣ ጣሪያው በየትኛው ሌሊት እንዳፈሰሰ ትነግራለች። ከሥሯ የውኃ ሴንሰር ወለሉ ላይ ቢጨመር ደግሞ ቧንቧ ሲፈነዳ በደቂቃ ይታወቃል። የብዙ ቤተ መጻሕፍት ትልቁ ጠላት እሳት ሳይሆን ከላይ ያለው ሽንት ቤት ነው፤ ይህን ማንኛውንም የመጋዘን ሠራተኛ ጠይቁ።

መብራት ሲጠፋስ?

የኛ አገር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው፣ ልክም ነው።

ታጉ ባትሪ ስለሌለው መብራት መጣ ሄደ አይመለከተውም። በባትሪ የሚሠሩት መለኪያዎችም ይቀጥላሉ። የሚቆመው መሃል ያለው ነው፤ ማንበቢያው፣ በሩ፣ ዋይፋዩ፣ መዝገቡን የያዘው ዋና ኮምፒውተር ማለትም ሰርቨሩ። ስለዚህ ለነዚህ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ፣ የግድ ነው። ሰርቨሩ ከተቋረጠ በኋላም ማዋሱ እንዳይቆም መንገድ ያስፈልጋል። ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት ኮሃ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ከኔትወርክ ውጪ የተዋሰውን መዝግቦ በኋላ የማስገባት ዘዴ አለው። (ኮሃ የተወለደው ኒውዚላንድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ጀመረ፤ ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው።) በሮቹን በተመለከተ ደግሞ አንድ ቀልድ የሌለበት ነገር አለ፤ በኤሌክትሪክ የሚቆለፍ መውጫ መብራት ሲጠፋ መከፈት እንጂ መቆለፍ የለበትም። እሳት ቢነሳ ሰው ውስጥ ይቀራል።

ምን እንዳነበብኩ ሰው ሊያውቅ ነው?

ታጉ ላይ የእናንተ ስም የለም። በአግባቡ ከተሠራ የመጽሐፉም ርእስ የለም፤ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ከርእስና ከተዋሽ ጋር የሚያገናኘው የቤተ መጻሕፍቱ ሰርቨር ነው።

ይህ ሲባል ግን ስጋቱ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ዴቪድ ሞልናር እና ዴቪድ ዋግነር የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቤተ መጻሕፍት ታጎችን መርምረው ነበር። ያኔ የነበሩትን ታጎች ማንበቢያ ያለው ማንም ሰው ሊያነባቸው ይችል ነበር፣ ቁጥሩም ስለማይለወጥ ቦርሳ ውስጥ ያለ መጽሐፍን ከቦታ ቦታ መከታተል ይቻል ነበር። ዛሬ ብዙ ስማርት ስልኮች ራሳቸው ይህን ዓይነት ታግ ያነባሉ። ርቀቱ አጭር መሆኑ ይረዳል፣ ግን ሙሉ መልስ አይደለም።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሰርቨሩ ነው። አንድ ሰው በዓመት ውስጥ የተዋሳቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ያየ ሰው የሕመሙን ነገር፣ የሃይማኖቱን ነገር፣ የፖለቲካውን ነገር መገመት ይችላል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። መጽሐፉ ሲመለስ በማን ተይዞ እንደነበር የሚያሳየውን መረጃ ማጥፋት ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተነበበ ብቻ ይቀመጣል። ኮሃን ጨምሮ ሶፍትዌሮቹ ይህንን እንዲያደርጉ ማዘዝ ይቻላል። የሚያዘው ሰው ነው የሚያስፈልገው። ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ስለዚህ «መረጃዬን ለምን ያህል ጊዜ ታስቀምጣላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መብት ነው።

ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ ተንጠልጥሎ ኮምፒውተሩ ቢወድቅስ?

ይህ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሆነው የብሪቲሽ ላይብረሪ ኮምፒውተሮች በሰርጎ ገቦች ተቆለፉ። ራይሲዳ የተባለው ቡድን ገንዘብ ጠየቀ፤ ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም አለ፤ ወደ 600 ጊጋባይት የሚጠጋ መረጃ ተለቀቀ። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት በሴንሰር ወይም በታግ አልነበረም፤ ከርቀት በሚሠሩ ሰዎች መግቢያ በኩል ነው፣ ያ መግቢያ ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ያስከተለው ነገር ግን ጉዳያችንን በደንብ ያሳያል። ዮርክሻየር ውስጥ ቦስተን ስፓ ላይ ያለው የቤተ መጻሕፍቱ መጋዘን በከፊል በማሽን የሚሠራ ነው፤ መጽሐፍ የሚያወርደው ማሽን ነው፣ ማሽኑን የሚያዘው ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ሲወድቅ መጻሕፍቱ አንዳች ሳይነኩ እዚያው ተቀመጡ፣ አንባቢ ግን ሊያገኛቸው አልቻለም። ለወራት።

እኛንም ነክቶናል። ከመቅደላ እ.ኤ.አ. በ1868 ተዘርፈው የሄዱት ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ያሉት እዚያው ነው። በዲጂታል ተነስተው ማንም ሰው ካለበት ሆኖ ያያቸው የነበሩትም ከጥቃቱ በኋላ ድረ ገጹ ላይ ጠፉ። አዲስ አበባ ተቀምጦ በስክሪን ሲያጠናቸው የነበረ ተመራማሪ አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተዘግቶ አገኘው።

ስለዚህ ሴንሰር የሚገዛ ቤተ መጻሕፍት አብሮ ማሰብ ያለበት ነገር አለ። መለኪያዎቹና ካሜራዎቹ ከፋብሪካ ይዘውት የመጡት የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ይቀየር። የተዋሾች መዝገብ ካለበት ኔትወርክ ተለይተው በራሳቸው መስመር ይሁኑ። የካታሎጉ፣ ማለትም የመጻሕፍቱ ዝርዝር መዝገብ፣ ቅጂ ከኔትወርኩ ውጪ፣ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። መጋዘኑ ደግሞ ማሽን ቢኖረውም ሰው በእጁ ገብቶ የሚያወጣበት መንገድ ይኑረው።

ስንት ሥራ ነው? ከየትስ ይጀመራል?

ሰው የሚረሳው የታጉን ዋጋ ሳይሆን የመለጠፉን ሥራ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ መውጣት፣ መለጠፍ፣ ታጉ ከመዝገቡ ጋር መገናኘትና ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ለአንድ መጽሐፍ አንድ ደቂቃ እንበል። 100,000 መጽሐፍ ላለው ቤት 100,000 ደቂቃ ነው፤ ወደ 1,667 ሰዓት። አንድ ሰው በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 208 የሥራ ቀን ይፈጅበታል። አምስት ሰው ካለ 42 ቀን። ይህ እንግዲህ መዝገቡ ልክ ከሆነ ነው። መዝገቡ ላይ የሌለ መጽሐፍ ሲገኝ፣ አንድ ቁጥር ለሁለት መጽሐፍ ተሰጥቶ ሲገኝ፣ ደቂቃዋ ሩብ ሰዓት ትሆናለች።

እኔ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ባደርገው እመርጣለሁ። መጀመሪያ ካታሎጉ ይስተካከል፤ የተዝረከረከ መዝገብ ላይ ታግ ቢለጠፍ ስህተቱን በፍጥነት ማንበብ ነው። ቀጥሎ፣ ብራናና አሮጌ ጥራዝ ያለበት ክፍል ካለ፣ ከታጉም በፊት ሁለት ሦስት የእርጥበት መለኪያ ይግባ፤ ትንሽ ገንዘብ ነው፣ የሚያድነው ግን ሌላ ቅጂ የሌለውን ነው። ከዚያ በኋላ ታግ፣ እሱም በብዛት ከሚዋሱት መጻሕፍት ይጀመር። ሮቦቱና ስክሪኑ መጨረሻ ይምጣ።

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ያለ ምንም መሣሪያ የምትጀምሩት ነገር አለ። መዋሻው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አስቀምጡ። ተማሪ መጥቶ «አለ ይላል፣ ግን የለም» ባላችሁ ቁጥር አንድ መስመር ጻፉ፤ ቀኑን፣ የመጽሐፉን ቁጥር፣ በኋላ ከተገኘም የት እንደተገኘ። ሁለት ወር ያዙትና ቁጠሩት። አለቃችሁ ጋ ስትገቡ ያንን ደብተር ይዛችሁ ግቡ።